ለውሮ መጽሐፍ እንሥራላት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ልጆች የሥዕል መጽሐፍ ነው። ስለ ቤት እንስሳት የሚተርክ፣ ራሳችሁ ጽፋችሁ በራሳችሁ ወጪ ስለምታሳትሙት መጽሐፍ እንነጋገራለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ናይሮቢ ፓርክላንድስ የምትኖሩ ወላጆች ሳሪት ሴንተርን ታውቁታላችሁ። እዚያ ቴክስት ቡክ ሴንተር ገብታችሁ የልጆች መደርደሪያ ፊት ቆማችሁ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ስለ ውሻ፣ ስለ ድመት፣ ስለ ጥንቸል የተጻፈ ሞልቷል። በስዋሂሊም አለ። ናይሮቢ ያደገ ልጃችሁ በአማርኛ የሚያነበው፣ ገጹን ሲገልጥም የራሱን ቤት ድመት የሚያይበት መጽሐፍ ግን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ከሩቅ በመጣው መጽሐፍ ውስጥ ያለው ውሻ ሶፋ ላይ ይተኛል፣ ልደቱ ይከበርለታል፣ በረዶ ላይ ይሮጣል። ልጁ ለክረምት አገር ቤት ሄዶ በአያቱ ግቢ ያየው ውሻ ደግሞ ሌሊት በር ላይ የሚያድር፣ ኮቴ ሲሰማ ጆሮውን የሚያቆም፣ የተረፈ እንጀራ የሚበላ ነው። ይህን ውሻ ለንደን ወይም ኒው ዮርክ ያለ አሳታሚ አይጽፍልንም። የማያውቀውን እንዴት አድርጎ ይጻፈው? የሚጽፈው የሚያውቀው ሰው ነው፤ ያም ሰው አሁን ሬዲዮ ከፍቶ የሚሰማን እናት ወይም አባት ነው።

በራስ ወጪ ማሳተም አሳታሚ ያጣ ሰው የመጨረሻ አማራጭ የሚመስላቸው አሉ። ታዋቂው ፒተር የተባለው ጥንቸል ግን ዓለምን የተዋወቀው በዚሁ መንገድ ነው። ቢያትሪክስ ፖተር እንግሊዛዊት ሠዓሊ ነበረች፤ ፒተር ብላ ስም ያወጣችለት ጥንቸል ቤቷ ውስጥ ታሳድግ ነበር። በሴፕቴምበር 1893 ኖኤል ሙር ለሚባል የአምስት ዓመት በሽተኛ ልጅ ደብዳቤ ልትጽፍ ተቀመጠችና የምትጽፈው ቢጠፋት የአራት ጥንቸሎችን ታሪክ በብዕር ሥዕል እያጀበች ላከችለት። ከዓመታት በኋላ ደብዳቤውን ከልጁ ተውሳ መጽሐፍ አደረገችው። ለአሳታሚዎች ብትልክ ሁሉም አንቀበልም ብለው መለሱላት። እሷ የፈለገችው በሕፃን እጅ የሚያዝ ትንሽ፣ ዋጋውም የማይከብድ መጽሐፍ ነበር። እናም በዲሴምበር 1901 በራሷ ገንዘብ 250 ቅጂ አሳተመች። ለዘመድ ሰጠች፣ ለወዳጅ ሸጠች፤ ሳይቆይ ስላለቀ 200 ቅጂ ጨመረች። በኦክቶበር 1902 ደግሞ ቀድሞ አንቀበልም ካሏት አሳታሚዎች አንዱ የነበረው ፍሬድሪክ ዋርን መጽሐፉን በቀለም አወጣው።

እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ከዝናው በፊት ያለውን ነው። ታሪኩ የተጻፈው ለአንድ ስሙ ለሚታወቅ ልጅ ነው። ጥንቸሉም ጸሐፊዋ በየቀኑ ስትመግበው፣ ስታየው የኖረችው፣ እጇ ላይ ያደገ እንስሳ ነበር። ሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ኮት ብታለብሰውም የኋላ እግሩ አቀማመጥ፣ የጆሮው አወዳደቅ የእውነተኛ ጥንቸል ነው። ብዛቱም 250 ብቻ ነበር። አንድ ልጅ፣ አንድ እንስሳ፣ ጥቂት ቅጂ፤ ፓርክላንድስ ውስጥ ያለ ቤተሰብም ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

ኬንያም የራሷ ታሪክ አላት። በዲሴምበር 2004 በማሊንዲ አካባቢ አንድ የጉማሬ ግልገል ከመንጋው ተለይቶ ባሕር ዳር ብቻውን ተገኘ። ወደ ሞምባሳ ሃለር ፓርክ ወሰዱት፤ እዚያም 130 ዓመት ገደማ ይሆነዋል ከተባለለት ምዜ ከሚባል ግዙፍ ኤሊ ጋር ተጣበቀ። ግልገሉን ኦወን አሉት። አሜሪካ ያለች ኢዛቤላ ሃትኮፍ የምትባል ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ ፎቶግራፉን ጋዜጣ ላይ አይታ አባቷን ታሪኩን እንጻፈው አለችው። አባትና ልጅ በወቅቱ ፓርኩን ትመራ ከነበረችው ኬንያዊቷ የእንስሳት ሳይንቲስት ፓውላ ካሁምቡ ጋር ሆነው ጻፉት። በ2005 በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ መልክ ወጣ፤ በ2006 ስኮላስቲክ የተባለው ትልቅ አሳታሚ በወረቀት አተመው። ሥዕሎቹ የፒተር ግሬስት ፎቶግራፎች ናቸው። ጉማሬና ኤሊ የቤት እንስሳት እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ታሪኩን ያነሣሁት «እኔ መሣል አልችልም» ብላችሁ ለምትተዉት ነው፤ በስልክ የተነሣ ጥሩ ፎቶግራፍም የልጆች መጽሐፍ ይሆናል።

ከእኛ ወገን ደግሞ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ አሉ። ሳን ፍራንሲስኮ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ መደርደሪያው በብዙ ቋንቋ መጻሕፍት ሲሞላ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡበት። በ2002 የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ባለ ቀለም ሥዕል አድርገው አወጡት። በማግሥቱ ዓመት አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ፤ ቆይቶም በሐዋሳ መጽሐፍ የጫነ ጋሪ በአህያ እየተጎተተ ወደ ልጆች ይሄድ ጀመር። በአንዲት ተረት የተጀመረ ሥራ ነው። ማጂ ያደገችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ከዮሐንስ ጋር በዚህ ሥራ ነበረች፤ ኋላም ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ ከተባለው ድርጅት ጋር በኢትዮጵያ ቋንቋዎችና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉ በርካታ ቀጫጭን የሥዕል መጻሕፍት አዘጋጅታለች። እነዚህ መጻሕፍት መጋዘን ውስጥ አይከማቹም። አንድ ሰው በአማዞን ሲያዝዝ ያኔ አንዷ ቅጂ ትታተማለች። በውጭ አገር ዘመድ ላላችሁ ይህ መንገድ ጠቃሚ ነው፤ የቶሮንቶ አክስት የፓርክላንድሱን መጽሐፍ እዚያው አሳትማ ትቀበላለች።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ምን እንጻፍ? ፓርክላንድስ ውስጥ ግቢ ያላቸው አሮጌ ቤቶች እየፈረሱ ፎቅ እየተተካ ስለሆነ ውሻ የሚያሳድጉት ጥቂቶች ናቸው። ድመት ግን ፎቅ ላይም ትኖራለች። በረንዳ ላይ ወፍ፣ ጥንቸል፣ በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያሳድጉም አሉ። ከሊሙሩ መንገድ ዳር ሲቲ ፓርክ ውስጥ ያሉትን ጦጣዎች ልጆች ሙዝ ሲያበሏቸው ታያላችሁ። እነሱ የዱር እንስሳት ናቸው፤ በኬንያ የ2013 የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ቤት ማሳደግ ወንጀል ነው። ልጁ ጦጣዋን ይዟት ወደ ቤት የሚገባበት ታሪክ ደስ ሊላችሁ ይችላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ጦጣዋ ዛፏ ላይ፣ ልጁ መሬት ላይ ሆነው የሚተያዩበት ታሪክ ይሻላል።

አሁን ወደ አጻጻፉ። በሥዕል መጽሐፍ ውስጥ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ፤ ቃሉ ሥዕሉ የሚያሳየውን መልሶ ይናገራል። «ጥቁሯ ድመት ቀዩ ወንበር ሥር ተደበቀች» ብላችሁ ጽፋችሁ ጥቁር ድመትና ቀይ ወንበር ብታሥሉ ልጁ የሚሠራው ሥራ አይቀረውም። «ውሮ የለችም» ብቻ ብላችሁ ጻፉ። ሥዕሉ ላይ እናት አልጋ ሥር ታያለች፣ አባት መጋረጃ ይገልጣል፣ ከወንበሩ ሥር ደግሞ የጭራ ጫፍ ብቅ ብላለች። አራት ዓመት የሆነው አድማጫችሁ «ይኸው! ይኸው!» እያለ ገጹን በጣቱ ይመታል። ያን ጊዜ ማንበብ የማይችለው ልጅ ከትልልቆቹ በላይ አዋቂ ሆኗል። መጽሐፉን ደግማችሁ እንድታነቡለት የሚለምናችሁም ለዚህ ነው።

የገጽ መግለጥም እንደዚሁ ነው። ጥያቄው በቀኝ ገጽ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ መልሱ ገጹ ሲገለጥ ይምጣ። «ከዚያ ከኩሽና ድምፅ ተሰማ…» ብሎ ገጽ ያልቃል። ልጁ ራሱ ይገልጠዋል።

ምክርን በሚመለከት የምለው አለኝ። የእኛ የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ መጨረሻቸው ላይ «ስለዚህ ልጆች…» ብለው ይመክራሉ። ልጁ ድመቷን ሲመግባት፣ ውኃዋን ሲቀይርላት፣ ስትታመም ወደ ሐኪም ሲወስዳት ካሳያችሁ ትምህርቱ ታሪኩ ውስጥ ገብቷል። መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ምክር ልጁ ያገኘውን ነገር ከእጁ ነጥቆ ራሱ እንደ መስጠት ነው። አውጡት።

በአማርኛ ስትጽፉ ገና ከመጀመሪያው ግሥ ድመቷ ሴት ትሁን ድመቱ ወንድ ይሁን መወሰን አለባችሁ፤ መጣች ወይስ መጣ? በስዋሂሊ ጀምራችሁ ወደ አማርኛ የምታመጡ ከሆነ ይህን ለሠዓሊው አስቀድማችሁ ንገሩት። ለሠዓሊው የእንስሳውንም ፎቶግራፎች ስጡት፤ ስትተኛ፣ ስትዘረጋ፣ ስትቆጣ። «ድመት ሣልልኝ» ስትሉት የሚሥለው ከሌላ መጽሐፍ ያየውን ድመት ነው።

እውነቱን ለመጠበቅ ስል የተለመዱ ስሕተቶችን ልጥቀስ። በሥዕል መጽሐፍ ሁሉ ድመት ወተት ትጠጣለች። ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹ ግን የላም ወተት ሆዳቸውን ያውካቸዋል፤ ውኃ ነው የሚያስፈልጋቸው። ጥንቸል ካሮት ብቻ የምትበላ ይመስለናል፤ ዋና ምግቧ ሣርና ድርቆሽ ነው፣ ካሮት ስኳሩ ስለሚበዛ በጥቂቱ ብቻ ይሰጣታል። ለውሻ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት መስጠት አደገኛ ነው፤ እየተሰነጠቀ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ልጅ ሥዕል ያምናል፤ ያየውን ነገ ይሞክረዋል።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቅበት የውሻ ሥዕል ነው። ልጁ የማያውቀውን ውሻ አንገት አቅፎ፣ እየበላ ያለ ውሻ ሳህን ውስጥ እጁን ከቶ፣ የተኛ ውሻ ጭራ ይዞ አታሥሉት። ጭራውን የሚያወዛውዝ ውሻ ሁሉ ወዳጅ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከእንስሳ ወደ ሰው ሲተላለፍ እስከ 99 በመቶው በውሻ በኩል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከሟቾቹ መካከል 40 በመቶ ገደማ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያም ኬንያም በዚህ በሽታ ልጆች እየሞቱባቸው ነው። ስለዚህ ስለ ውሻ የምትጽፉ ከሆነ ከታሪኩ ውጭ በጀርባው ገጽ ላይ ለወላጆች ጥቂት መስመር ጨምሩ፤ ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ለክትባት ወደ ሕክምና መሄድ፤ ውሻውንም በየጊዜው ማስከተብ። ታሪኩ ውስጥ ደግሞ ልጁ የጎረቤትን ውሻ ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን ሲጠይቅ ይታይ። ውሻው መጥቶ እጁን ያሽትተው። ይህ ራሱ ቆንጆ ገጽ ይወጣዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ልጆች የሚወዱት እንስሳ ውሻና ድመት ብቻ አይደለም። አገር ቤት ለበዓል የተገዛ በግ ግቢ ውስጥ ጥቂት ቀን ይታሰራል። ልጁ ሣር ያበላዋል፣ ውኃ ያጠጣዋል፣ ስም ያወጣለታል። ከዚያ የበዓሉ ጠዋት ይመጣል። ይህን ያላለፈበት ኢትዮጵያዊ ልጅ ጥቂት ነው፤ ስለ እርሱ የሚጻፍ የሥዕል መጽሐፍ ግን ይኑረን ብለን አላሰብንም። እኔ በዚህ ጉዳይ አጥብቄ የማምንበት ነገር አለ፤ ልጅን መዋሸት አይገባም። በጉ «ወደ ገጠር ሄደ» የሚል መጽሐፍ አትጻፉ። ልጁ ያውቃል። ታሪኩን ከበዓሉ ዋዜማ ማታ ላይ ማቆም ይቻላል፤ ልጁ ከበጉ አጠገብ ተቀምጦ አያቱን ይጠይቃታል፣ አያቱም ልጅ ሳለች ስም ያወጣችለትን በግ ትነግረዋለች። መጽሐፉን የሚያነብለት ወላጅ የራሱን ይጨምርበታል። እረኛ የነበራችሁ አባቶችም ጥጃዎቻችሁን ቡሬ፣ ቦራ፣ ዳለቻ እያላችሁ በመልካቸው እንደጠራችኋቸው አስታውሱ። ለናይሮቢ ልጅ እነዚህ ስሞች ከነቀለማቸው የሚታዩበት መጽሐፍ ቢኖረው እንዴት በወደድኩ!

ወደ ማተሙ እንምጣ። የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ይሆናል፤ ምክንያቱም በማተሚያ ቤት አንድ ትልቅ ወረቀት ሁለት ፊቱ ታትሞ ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፣ ሁለቱ ደግሞ 32 ይሆናሉ። ወጪ ለመቀነስ 24 ገጽም ይበቃል። ብቻ በመሃል በስቴፕል የሚጠረዝ ከሆነ የገጹ ብዛት ለአራት የሚካፈል ይሁን። ከማሣላችሁ በፊት ተራ ወረቀት አጥፋችሁ የሙከራ ጥራዝ ሥሩ፤ በእርሳስ ክብና መስመር ብቻ ሣሉበት፣ ቃሉን ጻፉበት፣ ለልጅ አንብቡለት። ልጁ ዓይኑን ያነሣበት ገጽ ላይ ምልክት አድርጉ። ያ ገጽ ይለወጣል ወይም ይወጣል።

ለፊደሉ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቡ እና ቢ የሚለያዩት በአንዲት አጭር ጭረት ነው፤ አንዷ ከእግሩ መሃል፣ ሌላዋ ከእግሩ ጫፍ ላይ ናት። ፊደል እየለየ ላለ ልጅ ያቺ ጭረት ጉልህ ሆና መታየት አለባት። ስለዚህ ፊደሉ ትልቅ፣ ከሥሩ ያለው ቀለም ደግሞ ፈዘዝ ያለና ሥዕል ያልበዛበት ይሁን። ድሮ በኮምፒውተር የጻፋችሁበት የግዕዝ ፊደል ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ጽሑፉ ተለውጦ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። በዩኒኮድ ጻፉ፤ ፋይሉንም ፊደሉ ውስጡ ያለ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ስጡ። ሥዕሎቹ በኢንች 300 ነጥብ ይኑራቸው፤ እስከ ገጹ ጠርዝ የሚደርስ ሥዕል 3 ሚሊሜትር ወጣ ብሎ ይቀጥል፣ አለዚያ ሲቆረጥ ነጭ መስመር ይቀራል።

ናይሮቢ ውስጥ በሪቨር ሮድና በኢንዱስትሪያል ኤሪያ ማተሚያ ቤቶች አሉ። ከመዋዋላችሁ በፊት ለ100፣ ለ300 እና ለ1,000 ቅጂ ዋጋ ጠይቁ። በዲጂታል ማሽን ሲታተም ዝግጅቱ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ቅጂ ያዋጣል። ኦፍሴት በሚባለው ማሽን ለእያንዳንዱ ቀለም የማተሚያ ሳህን ስለሚዘጋጅ መነሻው ይከብዳል፤ ብዛቱ ሲጨምር ግን የአንዱ ቅጂ ዋጋ ይወርዳል። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ትንሹን ምረጡ። ሙሉው ከመታተሙ በፊት አንድ ናሙና በወረቀት አውጥተው እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ስልክ ላይ ደማቅ የሆነ ብርቱካናማ ድመት በወረቀት ላይ ቡናማ ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ከሠዓሊው ጋር ቃል ብቻ አይበቃም፤ በጽሑፍ ተዋዋሉ። አንድ ጊዜ ይከፈለዋል ወይስ ከሽያጩ ድርሻ አለው? ዋናዎቹ ሥዕሎች የማን ናቸው? ስሙ ሽፋኑ ላይ ይውጣ። በኢትዮጵያም በኬንያም ሕግ የደራሲና የሠዓሊ መብት በሕይወት ዘመናቸውና ከሞታቸው በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ ስለዚህ ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን የሰው ሥዕል አታስገቡ። ሠዓሊ መክፈል ለማይችል አፍሪካን ስቶሪቡክ የተባለውን ነፃ መድረክ እጠቁማለሁ፤ ከ2014 ጀምሮ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች ታሪክና ሥዕል ያስቀምጣል፣ የሠዓሊውን ስም እየጠቀሱ መጠቀም ይፈቀዳል።

መጽሐፉ በመደብር እንዲሸጥ ከፈለጋችሁ አይኤስቢኤን የሚባለው መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። በኬንያ የሚሰጠው ብሔራዊ የቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት። ለትምህርት ቤት መማሪያነት የሚቀርብ ከሆነ በኬንያ የሥርዓተ ትምህርት ተቋሙ ይገመግመዋል፤ ለወላጆች ለመሸጥ ግን ይህ አያስፈልግም። ለቤተሰብና ለቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት ብቻ ከሆነ ቁጥሩም ይቅር። የናይሮቢ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት አውደ ርእይ ከ1998 ጀምሮ በኬንያ አሳታሚዎች ማኅበር እየተዘጋጀ ሳሪት ሴንተር ውስጥ ሲካሄድ ቆይቷል። ከፓርክላንድስ በእግር ይደረሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ ለመሸጥ ባትችሉም የሌሎችን የልጆች መጻሕፍት በእጃችሁ ያዙ፤ ወረቀቱን ዳስሱ፣ ጥርዙን ጎተት አድርጉ፣ የፊደሉን መጠን ተመልከቱ፣ ያተመላቸውን ማተሚያ ቤት ጠይቁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የሙከራ ጥራዙን ገጽ በገጽ እንሠራለን። እስከዚያ ድረስ ከልጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አንድ እንስሳ ለጥቂት ቀን ተመልከቱና ያያችሁትን ጻፉ፤ መቼ እንደሚበላ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚከተል። ወረቀቱን ይዛችሁ ጠብቁን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)